የይመር ፎሌ ቁልቁለት

ዐረብ አገር ልሄድ ስል በዋዜማው ምሽት ቤታችን በሰው ተሞልቶ ነበር። ሼኹ ዱዓ ሲያደርጉ ጎረቤቱ «አሚን» ይላል፣ እናቴ ጓዳ ሆና ትሰማለች፣ አባባ ግን ውጭ ናቸው። ወጥቼ ባይ መኪናዋ ስር ገብተው በባትሪ ጎማ ያያሉ። «አባባ፣ ለእኔ እኮ ነው ዱዓው» ብላቸው «እኔም ለአንተው ነው የምለፋ፤ ነገ ደሴ ሳትደርስ ብትቀር ዱዓው ምን ይጠቅምሃል?» አሉኝ። አባባ እንዲህ ናቸው። ሲያዝኑ መኪና ስር ይገባሉ።

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ በዚያችው አሮጌ ኤንትሬ ከመካነ ሰላም ተነሣን። አባባ መሪው ላይ፣ እኔ መሐል፣ ታናሼ እንድሪስ በር ሥር። እንድሪስ መንጃ ፈቃዱን ገና ማውጣቱ ነበርና መሄዴ ለእሱ ቦታ መልቀቅም ጭምር ነበር። አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ሁለት ወንድማማች አታኖርም፤ ሁለታችንም ልናገባ ነው፣ ሁለታችንም ልንወልድ ነው። ስለዚህ ታላቅየው ዐረብ አገር፣ ታናሽየው አባቱ ዘንድ ተባለ። ማን እንዳለው እንኳ አላስታውስም። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ማንም ሳይለው ይወሰናል።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ፤ አባባ ስማቸው ይመር ነው፣ ነገር ግን ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ «ይመር ፎሌ» ካላላችሁ ማንም አያሳያችሁም። ፎሌ ማለት ማርሹን አውጥቶ ዜሮ ላይ መተው ነው። ቁልቁለት ሲመጣ አባባ ማርሹን ያወጣሉ፣ የሞተር ማጥፊያዋን ይስባሉ፣ መኪናዋ በራሷ ክብደት ትወርዳለች። ናፍጣ የለማ! ያን ጊዜ እኛ አገር ማደያ የሚባል አልነበረም። ናፍጣ በበርሜል ከደሴ ይመጣል፣ በጄሪካን ይሸጣል፣ ክረምት ሲበረታ እሱም ይቀራል። ናፍጣ ያለቀበት ሾፌር የመንገደኛ መሳቂያ ነው፤ ጭነቱ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠይቁት «ሞተሯ ሞቃብኝ ነው» እያለ ይዋሻል። አባባ ግን እንዲህ ሆነው አያውቁም። ሌሎቹ መንገድ ሲቀሩ እሳቸው ከነጭነታቸው ይገቡ ነበር፣ ነጋዴው ሁሉ «ዕቃዬን ለይመር ፎሌ» ይል ነበር። ስሙን ይወዱታል። ሐጂ ከመባል የማያንስ ማዕረግ አድርገው ነው የያዙት።

ከደሴ በላይ ያለው ደጋ ጉጉፍቱ ስንደርስ ጭጋጉ ወርዶ ከፊታችን ያለው ሰው እንኳ አይታይም። ከዚያ ወደ ደሴ ቁልቁለቱ ሲጀምር አባባ እንደ ልማዳቸው አጠፏት። መንገዱ ያኔ ድንጋይና ጉድጓድ ነው፤ መኪናዋ እንደ እርጉዝ በቅሎ እየተንገዳገደች፣ እየቆመች እየሄደች ትወርዳለች። አባባ መንገዱን እያዩ «ዐረብ አገርም ቁልቁለት አይጠፋም። ናፍጣ የሰው ላብ ነው፤ እዚያም አታባክን» አሉኝ። ሌላ ምክር አልሰጡኝም። ሌላው ልጁን «ሶላትህን፣ ጠባይህን» ይላል፣ የእኔ አባት ናፍጣውን አደራ አሉኝ። ደሴ መናኸሪያ ስንለያይ እንድሪስ አቅፎኝ አልለቅ ሲል አባባ ጎማውን በእግራቸው እየመቱ ያዩ ነበር።

ቪዛዬ የሳዋቅ ነው፤ የሹፌር ማለት ነው። ደላላው «አንተ ዕድለኛ ነህ፣ ስንቱ በባሕር በበረሃ እያለቀ» ሲለኝ ነበር፣ እውነቱንም ነው፤ ከእኛ ሰፈር በጅቡቲ በኩል ወጥተው ድምፃቸው የጠፋ አሉ። እኔ በአውሮፕላን ሄድኩ፣ አልሐምዱሊላህ። ጅዳ አውሮፕላን ጣቢያ ፓስፖርት የሚያየው ወጣት ፊቴን አይቶ፣ ወረቀቴን አይቶ፣ እንደገና ፊቴን አየ።

«ሳዋቅ ነህ?»

«አዎ።»

«አገርህ መንገድ አለ?»

«አለ።»

«አስፋልት?»

ምን ልበለው? «እየመጣ ነው» አልኩት። እንዲያ ሲሉን ነበርና፤ ቀበሌ በተሰበሰብን ቁጥር ልማቱ በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል ይሉን ነበር። ልጁ ሳቀና ማኅተሙን መታልኝ። ወደ ጎረቤቱ ዞሮ ያለውን አልሰማሁም፣ ግን እሱም ሳቀ።

የመንጃ ፈቃድ ፈተናው የባሰ ነበር። መፈተኛው ሜዳ ላይ የመብራት ምልክት አለ፤ ቀይ ሲሆን ቆምኩ፣ ቆሜም ሞተሩን አጠፋሁ። እጄ በራሱ ነው የሄደው። ፈታኙ ደነገጠ።

«ምን ሆነ? ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። ቀይ ነው እኮ፣ በከንቱ ለምን ይቃጠላል?»

«ምኑ?»

«ነዳጁ።»

«ያ ሐበሻ» አለኝ፣ እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ፣ «እኛ አገር ከነዳጅ ውሃው ነው ውድ! ውረድ፤ ወድቀሃል።» ሁለተኛ ጊዜ ስፈተን እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ አለፍኩ።

ሥራዬ ኸሚስ ሙሸይጥ የምትባል ደጋ ከተማ ላይ ሆነ። ሰዎች፣ ዐረብ አገር ሁሉ አሸዋ ይመስላችኋል። እዚህ ጭጋግ አለ፣ ብርድ አለ፣ ገደሉ ላይ ዝንጀሮ ተሰልፎ ከመኪና የሚወረወር ቂጣ ይጠብቃል። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት የጉጉፍቱ ጭላዳ መስሎኝ ቆሜ ሳየው ቆየሁ። ግን ብርዱ አንድ ቢሆንም ሰዉ አንድ አይደለም። እኛ ብርድ ሲመጣ ተጠጋግተን እንቀመጣለን፤ እዚህ እያንዳንዱ በየክፍሉ ገብቶ ማሞቂያ ያበራል። የገብስ ቂጣ በአዋዜ አማረኝ ብል የት ይገኛል? ሩዝ ነው፣ ዛሬም ሩዝ፣ ነገም ሩዝ። ትልቅ ሰሃን ከበን ስንበላ ብቻ አገሬ ትመጣብኛለች።

የተከራየሁበት ሕንፃ ባለቤት አቡ ፈህድ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን በሬን ደበደቡ።

«የደረጃውን መብራት የምታጠፋው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ማንም አልነበረም እኮ።»

«መብራቱ ለማንም አይደለም፣ ለደረጃው ነው! ጎረቤትህ ፓኪስታኑ ወድቆ ጉልበቱን ሰበረ!»

አፉ በሉኝ ብዬ ለመንኩ። የፓኪስታኑን ጉልበት ሳየው ለወራት አፈርኩ። እጄን ግን ምን ላድርገው፤ ያደገበትን ነው የሚሠራው።

የምነዳው የዱቄትና የሩዝ መኪና ነው። ከደጋው ጭኜ ቲሃማ ወደሚሉት ቆላ አወርዳለሁ። የሚወረድበትን ዐቀባ ይሉታል፤ የእኛው ዐቀበት ነው፣ እነሱ ቁልቁለቱንም እንዲያው ይጠሩታል። የመንገዱን ሥራ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ተራራ አጋጠማቸው እንበል፤ አይዞሩትም፣ ይበሱታል። ሸለቆ ሲሆን ድልድዩን በአየር ላይ ይዘረጉታል። ቁልቁለቱ ልክ አለው፤ አንዴ ገደል አንዴ ሜዳ አይሆንም፣ ከላይ እስከ ታች ያው ነው። ለከባድ መኪና ስንት ፍጥነት እንደሚፈቀድ፣ በየትኛው ማርሽ መውረድ እንዳለበት ተጽፎ ተሰቅሏል። ፍሬን እምቢ ያለው መኪና የሚገባበት ደግሞ በየቦታው ከመንገዱ ተገንጥሎ ሽቅብ የሚወጣ የአሸዋ መንገድ ሠርተዋል። እኛ አገር ፍሬን እምቢ ካለህ ሸሃዳ ነው የምትይዘው። እነሱ ለዚያም መንገድ ሠርተውለታል!

ሜዳው ላይማ መንገዱ ራሱ ይነዳችኋል። ፍጥነቱን በተፈቀደው ላይ ይዤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ስሄድ ናፍጣ እንዴት እንደሚበረክት አየሁ። ጓደኞቼ ካሜራ ሲያዩ ፍሬን ይረግጣሉ፣ ካሜራውን ሲያልፉ ነዳጅ ይረግጣሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሲረግጡ ይውላሉ። እኔ እንዳለሁ እሄዳለሁ፤ ደግሞም አብረን እንደርሳለን። አገር ቤት እንዲህ የሚያስኬድ መንገድ ቢኖረን አባባ በአንድ በርሜል የት በደረሱ እያልኩ አስባለሁ።

የስምሪት ኃላፊያችን ዑስማን የሚባል ሱዳናዊ ነው፤ ሙሽሪፍ እንለዋለን። ትልቅ ሰው ነው፣ ሲናገር አይቸኩልም። አንድ ቀን ጠራኝ።

«ሑሴን፣ ናፍጣህ ለምን አይጎድልም?»

«ቆጥቤ ስለምነዳ ነዋ፣ ሙሽሪፍ።»

«ቆጥበህ? ማን ቆጥብ አለህ? የመኪናው ባለቤት ‹ሳይሠራ የት ጥላ ሥር ተኝቶ ነው የሚውለው?› እያሉኝ ነው።»

ይኸውላችሁ እንግዲህ! ሌላው ናፍጣ ሰረቀ ተብሎ ይከሰሳል፣ እኔ አልጨረስክም ተብዬ ተከሰስኩ። ስቄ ወጣሁ። ያልነገርኩት ነገር ግን ነበር፤ ሜዳውን እንዳልኳችሁ ብነዳም ዐቀባው ላይ ስደርስ የአባባን አደርግ ነበር። ማርሹን አውጥቼ ሞተሩን አጠፋለሁ። አደራ አይደል? መጀመሪያ አጭር አጭሯን፣ ኋላ ደፈር ብዬ ረጅሙን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እስከ አፍንጫው ዱቄት ጭኜ እንዲያ እየወረድኩ ነው። መንገዱ ለስላሳ፣ የሚይዘኝ ድንጋይ የለ፣ ጉድጓድ የለ። መኪናው ፍጥነት ጨመረ፤ ፍሬን ያዝኩ። ለቀቅኩ፣ እንደገና ጨመረ፣ እንደገና ያዝኩ። ሞተሩ ጠፍቷልና መሪው እንደ ግንድ ከብዷል፣ በሁለት ክንዴ እየታገልኩ ነው የማዞረው። የንፋሱ ቆጣሪ መውረዱን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ከባድ መኪና ፍሬኑ በንፋስ ነው፤ ንፋሱን የሚሞላው ደግሞ ሞተሩ ነው። ሞተር ከጠፋ የያዝከውን ያህል ይጎድላል፣ የሚተካ የለም። አንድ ነገር ጮኸ፣ ቀይ መብራት በራ፣ ከዚያ መኪናው በራሱ ጊዜ ቀጥ አለ። ጎማው ተቆልፎ፣ ጎማው ጨሶ፣ ተራራውን የበሱበት መሿለኪያ መሐል ቆመ። የዱቄቱ ጆንያ የጋቢናዬን ጀርባ መታው። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እላለሁ።

ፖሊስ መጣ።

«ለምን ቆምክ?»

«እኔ አልቆምኩም፤ እሱ ነው የቆመው።»

«እሱ ማን?»

«መኪናው።»

«ሞተሩስ?»

«ሞተሩ… ቀደም ብሎ ነው የጠፋው።»

«ሞተሩ ጠፍቶ እስከዚህ በምን መጣህ?»

በአባቴ ምክር ልበለው? ፈቃዴን ይዞ ሄደ፤ ቅጣት ከፍዬ ነው ኋላ የተመለሰልኝ።

ማታውን ዑስማን ኮምፒውተሩን አዙሮ አሳየኝ። መኪናው ላይ ለካ የሚከታተል መሣሪያ አለ። «ሹፍ፣ ተመልከት» አለኝ፣ «እዚህ ላይ ሞተር ጠፍቷል ይላል። እዚህ ላይ ደግሞ መኪናው ከተፈቀደው በላይ ይበርራል ይላል። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ሞቶ የሚሮጥ መኪና አላየሁም።» እየቀለደ መስሎኝ ቀና ብል ፊቱ ቀልድ የለውም።

ከዚያ በቀስታ አስረዳኝ። አዲስ መኪና ንፋሱ ሲያልቅ ጎማውን ራሱ ይቆልፋል፤ የተረፍኩት በእሱ ነው። በአሮጌ መኪና ቢሆን ፍሬኑ ባዶ ይሆንና ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ አበቃ። ደግሞም ከንቱ ድካም ነው አለኝ። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ ካነሣህ ቁልቁለቱ ነው ሞተሩን የሚያዞረው፣ ናፍጣ አይጠጣም። ሞተሩ መኪናውን ይይዝልሃል፣ ንፋስ ይሞላልሃል፣ ሁሉንም በነፃ። «ማን ነው ይህን ያስተማረህ?» ሲለኝ «አባቴ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «አባትህ እስካሁን በሕይወት አሉ?» «አሉ፣ አልሐምዱሊላህ።» «መንገዳችሁ ክፉ ነው እንዴ?» «በጣም ክፉ ነው።» «እሱ ነዋ» አለኝ።

ከቢሮው ወጥቼ መኪናዬ ጎማ ሥር ቁጭ አልኩ። እውነት ነው። አባባን ያን ሁሉ ዘመን የያዛቸው ፍሬናቸው አልነበረም፤ ድንጋዩ ነው፣ ጉድጓዱ ነው፣ ጭቃው ነው። በዚያ መንገድ ላይ መኪና ብትፈልግም አትበርርም። እኛ ሁላችን መንገዱን ስንራገም ኖርን፣ እሱ ደግሞ ዝም ብሎ ይዞን ይኖር ነበር። ይህን እያሰብኩ ሳለ ያለፈው ሳምንት የእንድሪስ ስልክ ትዝ አለኝ። በደስታ ሲጮህ ነበር። «አስፋልቱ እኮ ጉጉፍቱን ዘለቀ! መኪናዋ ቅቤ ላይ የምትሄድ ነው የምትመስል! አባባም ከጎኔ እየተቀመጡ አብረን ነን።» ማሻአላህ ብዬ ነበር የዘጋሁት። አሁን ግን የሚይዛቸው ድንጋይ የለም። ኤንትሬዋ አሮጌ ናት፤ ንፋሷ ቢያልቅ የሚቆልፍላት ነገር የለም።

በዚያው ደወልኩ። እንድሪስ አነሣ።

«ጉጉፍቱን ስትወርዱ ታጠፋላችሁ?»

«አባባ ናቸው የሚያጠፉት። እኔ መሪ እይዛለሁ፣ እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ማጥፊያዋን ይስባሉ። ምን ልበላቸው?»

«ፍሬኗስ?»

«ታች አካባቢ ትንሽ ትለሰልሳለች» አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። «ደግሞ ገበሬው አስፋልቱ ላይ እህል ይወቃል፣ ከብቱ ሙቀቱን ወዶ መሐሉ ላይ ይተኛል። አንድ ሁለቴ ፍሬን ጠበቅ አድርጌ ይዣለሁ። የፍጥነት ሰሌዳውን ሰው ነቅሎ ለበር አድርጎታል መሰለኝ፣ ምሰሶው ብቻ ነው ያለው።»

«ለአባባ ስጠኝ።»

አባባ መጡ። የደረሰብኝን ሁሉ ነገርኳቸው፤ መሿለኪያውን፣ ንፋሱን፣ የሱዳኑን ቃል። ከዚያ፣

«ደህና ነህ ወይ አንተ? አልተጎዳህም?»

«ደህና ነኝ አባባ።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲህ የሰው አገር መኪና ነው፣ ጠባዩን አታውቀውም። እኔ የእኔን አውቃታለሁ።»

«አባባ፣ ማርሽ ውስጥ ሆና ስትወርድ ናፍጣ አትጠጣም እኮ። ምንም አይጎድልብዎትም።»

«ሞተር እየጮኸ ናፍጣ አይጠጣም?» ሳቁብኝ። «ጥጃ አፉ ጡት ላይ ሆኖ ወተት አይጠጣም በለኛ! አንተ ናፍጣ ከውሃ ከሚረክስበት ቁጭ ብለህ ይመርን ፎሌ ልታስተምር ነው?»

ተቆጡ። እኔም ደክሞኝ ነበርና «እንድሪስን ሊገድሉት ነው» አልኳቸው። ይህ ለአባት የሚባል ቃል አይደለም፤ ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ስደውል «ሶላት ላይ ናቸው» ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ ሶላት ላይ የሚውል ሰው መቼም ወሊይ ነው።

ያለኝ መንገድ አንድ ነበር፤ ሽማግሌ መላክ። ከዚህ ሆኜ ለአጎቴ ለአያ ሰይድ ደወልኩ፣ ዱዓ ያደረጉልኝን ሼኽም ይዘው አባባ ዘንድ እንዲቀመጡልኝ ለመንኩ። እንግዲህ በአገራችን ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ፣ ለደም፣ ለድንበር ነው። እኔ ለማርሽ ላክሁ። አያ ሰይድ በስልክ «ጉዳዩ ምን ነበር ያልከኝ?» ብለው ሦስቴ አስደገሙኝ።

ጁምዓ ቀን ተቀመጡ። ጫቱ ቀረበ፣ ዱዓው ተደረገ፣ ነገሩ ታየ። እኔ ዱቄት እያራገፍኩ እጠብቃለሁ። ሲመሽ አያ ሰይድ ደወሉ፣ ድምፃቸው የደስ ደስ አለው።

«ጨርሰናል፤ አልሐምዱሊላህ። አባትህ እምቢ አላሉንም፣ አላህ ያክብራቸው።»

«ማርሽ ውስጥ ሊወርዱ?»

«ስማኝ እንጂ። አንተ ሞተር አይጥፋ ትላለህ፣ እሳቸው ማርሽ ይውጣ ይላሉ። እኛ ደግሞ መሐሉን ያዝን። ሞተሩ ይብራ፣ ማርሹ ይውጣ። አንተም ከግማሽህ፣ እሳቸውም ከግማሻቸው። እርቅ እንዲህ ነው።»

ምን ትላላችሁ? መሬት እንዲህ ይካፈላል፣ ካሳ እንዲህ ይካፈላል። ቁልቁለትን ለሁለት እንዴት አድርገው እንደሚያካፍሉት እኔ አላውቅም። ሞተሩ ከበራ ንፋሱ ይሞላል፣ እሱስ እሰይ ነው፤ ነገር ግን ማርሹ ከወጣ ያን ሁሉ ጭነት በዚያ ለስላሳ መንገድ ላይ ፍሬኑ ብቻውን ሊይዝ ነው፣ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይከዳል። ይህን ልላቸው አፌን ከፈትኩ። «በል አሁን አባትህን ይቅርታ በል፤ ሁላችንም እየሰማን ነው» አሉኝ። ሽማግሌ የጨረሰውን ማን ያፈርሳል? «አባባ፣ አፉ በሉኝ» አልኩ። «አፉ ብዬሃለሁ ልጄ» አሉኝ፣ ከልባቸው። ከበስተጀርባ እልል ሲባል ሰማሁ። እናቴ ናት።

ከዚያ ወዲህ የደሴ ገበያ በደረሰ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም። እንድሪስ ጠባዬን ያውቃልና ጉጉፍቱ ጫፍ ሲደርስ ይደውልልኛል፣ ታች ሲደርስ ደግሞ ይደውልልኛል። በሁለቱ መሐል ያለውን ጊዜ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሥራ ላይ ብሆን ሥራው አይታየኝም፣ ምግብ ላይ ብሆን እጄ አይነሣም። ዑስማን አይቶኝ «ዛሬ ገበያ ነው?» ይለኛል።

ዛሬም ገበያ ነው። እኔ ዐቀባው አናት ላይ ለመውረድ ተራዬን እየጠበቅኩ ሳለ ደወለ። ባቄላ እስከ ጣራው ጭነናል አለኝ። ዝናብ ጥሎ አስፋልቱ ያበራል አለኝ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ አባባ ከጎኑ ስላሉ። «ሦስተኛ ማርሽ አስገባ፣ ለእኔ ብለህ» ብዬ ብለምነው «አባባ እጄን ያዩኛል፣ ወንድምዬ» አለኝ። እንግዲያው ስጠኝ አልኩት።

«አባባ፣ ዝናብ ነው አሉኝ። ዛሬን ብቻ በማርሽ ይውረዱ።»

«ሽማግሌ የጨረሰውን አታፍርስ፣ ሑሴን።»

«ሽማግሌው ቁልቁለቱን አያውቀውም አባባ።»

አልተቆጡም። «አንተስ ታውቀዋለህ?» አሉኝ። «አስፋልቱን አይተኸዋል?»

አላየሁትም። ድንጋዩን ነው የማውቀው። ኩርባውን ያቅኑት አያቅኑት፣ ገደሉ ዳር ግንብ ያቁሙበት አያቁሙበት፣ ምኑንም አላውቅም። «አላየሁትም» አልኩ።

«እንግዲያው ናና አንተ አውርደን» አሉኝ። ድምፃቸው እንዲህ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። «በፈለግኸው ማርሽ አውርደን። አንተ መሪውን ከያዝክ እኔ እጄን አልሰነዝርም፣ ወላሂ። ለእንድሪስ ነው እንጂ የምሰጋ፣ ለአንተማ ምን እሰጋለሁ። መቼ ነው የምትመጣ?»

ፓስፖርቴ የከፊሌ፣ የአሠሪዬ ማለት ነው፣ ካዝና ውስጥ ነው። ፈቃድ በጠየቅሁ ቁጥር «ምትክ ሲገኝ» ይለኛል። ከኋላዬ ያሉት መኪኖች ጥሩምባ እየነፉብኝ ነው፣ ተራዬ ደርሷል።

«ኢንሻአላህ፣ አባባ» አልኩ።

«እሱንማ ዐምናም ብለኸኛል» አሉ፣ ስልኩንም ለእንድሪስ መለሱለት። እንድሪስ «በል፣ ልንወርድ ነው» ብሎኝ ዘጋው።